የማሩ ጠብታ፤ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፍቅረ ንዋይ የተነገረ የህንድ ምሳሌ

በቦሌ የመድኃኔዓለም ካቴድራልና ትልልቅ የንግድ ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመው ስናይ፣ ሃይማኖትና ፍቅረ ንዋይ በአንድ ሰው ልብ አብረው ሊኖሩ ይችሉ እንደሆነ እንጠይቃለን። ጥያቄው ጥንታዊ ነው።

ማሃብሃራታ በተባለው የህንዶች መጽሐፍ፣ ልጆቹ በጦርነት ያለቁበትን ንጉሥ ድሪታራሽትራን ጠቢቡ ቪዱራ በምሳሌ ያስተምረዋል። አንድ ሰው በዱር ሲሸሽ ከጉድጓድ ወድቆ በሐረግ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከታች እባብ፣ ከላይ ዝሆን ይጠብቁታል፤ ነጭና ጥቁር አይጦችም ዛፉን ይቆረጥማሉ። እርሱ ግን የሚንጠባጠበውን ማር እየላሰ አይጠግብም። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው፤ ማሩም የዚህ ዓለም ደስታ ነው።

ይኸው ምሳሌ፣ የቡድሃ ታሪክ በክርስቲያኖች ዘንድ ተለውጦ በተጻፈበት «በረላም ወይዋስፍ» በሚባለው መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል። መጽሐፉን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1553 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው።

የሁለቱም ታሪክ ፍጻሜ ምናኔ ነው፤ ድሪታራሽትራ በመጨረሻ ዱር ይገባል፣ ይዋስፍም መንግሥቱን ይተዋል። ሁላችንም መናኝ ልንሆን ግን አንችልም። ስለዚህ ለእኛ የሚቀረን ትምህርት ከምሳሌው ውስጥ ነው። ማሩ መርዝ አልተባለም፤ ሰውየውን የጎዳው አይጦቹን መርሳቱ ነው። ሀብት ያለው ሰው ሞቱንና ጎረቤቱን እስካልረሳ ድረስ፣ ከካቴድራሉ ወጥቶ ወደ ገበያው ቢገባ ሃይማኖቱን በደጃፉ ትቶ ሄደ አንለውም።