እንጨትና ጭቃ ስላቆሙት ቤት
የወላይታ ኬታና የጀርመን አገር አሮጌ ቤቶች

ሰው ከብርድና ከዝናም ሊጠለል ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው በደጁ የበቀለውን እንጨትና ከእግሩ ሥር ያለውን አፈር ነው። ስለዚህ እርስ በርሳቸው ተያይተው የማያውቁ ሕዝቦች በቤት ሥራ ጥበብ ተመሳስለው ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም።

በጀርመን አገር ክዌድሊንቡርግ የምትባል ከተማ አለች። ከአሮጌ ቤቶቿ አንዱ በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን ዛሬም ቆሞ ቤተ መዘክር ሆኗል። የዚህ ዓይነቱ ቤት አሠራር እንዲህ ነው፤ አናጢው ወፍራሞቹን ቋሚዎችና አግዳሚዎች እየፈለፈለ ያሰካካቸዋል፥ በእንጨት ችንካርም ያጠብቃቸዋል። በመካከል የቀረውን ክፍት ቦታ በቀጫጭን እንጨት ጠልፎ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመርገዋል። እንጨቱም በውጭ ሳይሸፈን ስለሚቀር ለዓይን ጌጥ ይሆናል። አሮጌዪቱ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፋለች። በዚያ አገር ሕግ በቅርስነት የተጠበቀን ቤት ባለቤቱ እንኳ ቢሆን ያለ ፈቃድ ሊያፈርሰው አይችልም።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን እንመለስ። በዳሞታ ተራራ ዙሪያ የሚኖረው የወላይታ ሕዝብ ቤቱን ኬታ ይለዋል። የቀድሞው ኬታ ክብ ነው፤ በመካከሉ ምሰሶ ይቆማል፥ ዙሪያው በእንጨት ይታጠራል፥ ጣራውም እስከ ታች ወርዶ በሣር ይከደናል። ማሠሪያው ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለ፥ ደካማ የሚመስለው ቃጫ ታላቁን ጣራ ይዞ ያኖረዋል። በውስጡ ለከብቶች ጋጣ ይከፈላል፤ ሙቀታቸው ለቤተ ሰቡ፥ ፍጋቸውም በጓሮ ላለው እንሰት ይሆናል። የምድጃውም ጢስ ሣሩን ከነፍሳት ይጠብቃል። እንግዲህ ቤቱ፥ ከብቱና እንሰቱ እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ እንደ አንድ አካል ናቸው።

ይሁን እንጂ ያው ጢስ የእናቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ሕዝቡ በዝቶ ሜዳው ስለ ታረሰም የክዳን ሣር ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ስለዚህ ባላገሩ ባለ አራት ማዕዘን የጭቃ ቤት ሠርቶ ቆርቆሮ ቢከድን ሊነቀፍ አይገባውም። ይህም በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ ጭድ ባለው ጭቃ የሚመረገው ቤት፥ ምንም እንኳ አናጢነቱ ቀላል ቢሆን፥ ለጀርመኑ ቤት የቅርብ ዘመድ ነው።

ታዲያ ያ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሲቆም የእኛው ፈጥኖ የሚያረጅ ስለ ምንድር ነው? ዋናው ምክንያት እግሩ ነው። እነርሱ እንጨቱን በድንጋይ መሠረት ላይ ያሳርፉታል፤ እኛ ግን ብዙውን ጊዜ በአፈር ውስጥ እንተክለዋለንና ርጥበትና ምስጥ ይበሉታል። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሁሉ እንጨቱን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቢያቆም፥ የጣራውንም ጠርዝ ግድግዳውን ከዝናም እስኪጋርድ ቢያስረዝም፥ ምርጊቱንም ሳይቦረቦር ቢያድስ፥ ጭቃ የድህነት ምልክት አለመሆኑን ይረዳል።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች፤ ሕንጻዋም እየበዛ መሄዱ የማይቀር ነው። የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ተመዝግቦ እንዲጠበቅ ያዝዛል። የተመረጡ ኬታዎች ተለክተውና ሥዕላቸው ተነሥቶ ቢመዘገቡ፥ አሠሪዎቹ ሽማግሌዎችም በሕይወት ሳሉ ቢጠየቁ መልካም ነው። የፈረሰ ቤት ይተካል፤ አሠራሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለፈ በኋላ ግን የሚጠየቅ አይገኝም።