ያውቁ ኖሯል? ከድግስ የተረፈው ጌሾና ብቅል

አምባሰል ሲባል ቅኝቱ፣ ውጫሌ ሲባል የ1881ዱ ውል ትዝ ይልዎት ይሆናል። የአምባሰሏን ባለሙያ ጓዳ ግን ገብተው አይተውታል? ጉዱ ያለው እዚያ ነው!

ብቅል የሞተ እህል ይመስልዎታል? አልሞተም! ገብሱ ውሃ ጠጥቶ ያቆጠቁጣል፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እድገቱ ይገታል። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም ግን ውስጡ ተኝቶ ይጠብቃል። ጥንስሱ ውስጥ ሲገባ ብድግ ይላል!

የተረፈዎትን ብቅል ሁሉ አስፈጭተው አስቀመጡት? ምን አስቸኮለዎት! ያልተፈጨ ብቅል ደረቅ ቦታ ላይ ለወራት ይቆያል፤ የተፈጨው ግን እርጥበት እየሳበ ቶሎ ይበላሻል። አንዷን ፍሬ በጥርስዎ ይሞክሯት። ቀጭ ካለች ደህና ናት፤ ከተልመጠመጠች ዛሬውኑ ፀሐይ ላይ ያስጧት!

ጌሾና የቢራው ሆፕስ የቅርብ ዘመድ አይደሉም! ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ያመርራሉ፣ ሁለቱም መጠጡን ከሚያበላሹ ባክቴሪያዎች ይከላከላሉ። ሆፕስ ሙቀትና አየር ሲነካው ምሬቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ፋብሪካዎች በቀዝቃዛ ክፍል ያንከባክቡታል። የኛው ጌሾ ደርቆ በጆንያ ተቋጥሮ ይቀመጣል፣ ይኸው ነው! ብቻ እርጥቡን ፌስታል ውስጥ እንዳይቋጥሩት፤ ሻጋታ አይምርም።

ማር ውስጥ እርሾ አለ! ግን ሥራ ፈት ነው። ውሃው ከመቶ 18 እጅ በታች ከሆነ እርሾው መላወስ አይችልም። ክዳኑን ከፍተው ከተዉት ግን ማሩ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ያኔ ጠጅ ሳይጥሉ ማሩ ራሱ መፍላት ይጀምራል!

ማርዎ ረግቶ ስኳር መሰለ? እንዳይጥሉት! ማር እንደ 14 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ፈጥኖ ይረጋል፣ የደጋው ሌሊት ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው። እቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ ይመለሳል!

ከማሩ የተረፈው ሰምስ? ጧፍ ይሆናል! በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ማኅሌት ሲቆም የንብ ሥራ ያበራል።

አሁን ደግሞ ትልቁ ጉድ! የጠላ ድፍድፍ በጋን ተከትቶ አፉ በጭቃ ከተመረገ በቀላሉ አይኮመጥጥም። ለምን ቢሉ፣ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ አየር መሥራት አይችሉም። እንግዳ ሊመጣ ቀናት ሲቀሩት ውሃ ይጨመርበታል፣ ጠላ! ማቀዝቀዣ የለ፣ መብራት የለ!

ጋኑስ? በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ሽታ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ጀርምም ይገድላል!

ጠላ የማይጠጣበት ቤትም ገብሱ አይተርፍም! ጠቆር እስኪል ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ቅሪቦ ይሆናል። ጌሾ የለበትም። የተከፈተውን የእርሾ እሽግ ግን አየር እንዳይገባው አጥብቀው ዘግተው ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት። በአንድ ግራም ደረቅ እርሾ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት አሉ!

ከድግሱ የተረፈውን ጤፍስ ነቀዝ ለምን እንደማይደፍረው ያውቃሉ? አንድ ግራም የሚሞላው ወደ 3,000 በሚጠጉ ፍሬዎች ነው። ነቀዝ በዚያች ፍሬ ውስጥ የት ገብቶ ልጅ ያሳድግ!

የተረፈው አተላስ? ለላም ይቀርባል! አልኮሉ ሙልጭ ብሎ ስለማይወጣ ግን እየመጠኑ ይስጧት፤ የሰከረች ላም ማን ሊያልብ ነው!