ከስሙ በፊት ግሡ፦ በስስ ማግኔታዊ ሽፋን ውስጥ የስኪርሚዮንን እንቅስቃሴ በአማርኛ መግለጽ

የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ የሚደረግ ውይይት አብዛኛውን ጊዜ በስሞች ላይ ያተኩራል። ስኪርሚዮን የተባለው ማግኔታዊ ሶሊቶን ግን ዋናው ችግር በግሡ ላይ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ስያሜው የመጣው ከእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ከቶኒ ስኪርም ነው። ቦግዳኖቭና ያብሎንስኪ እ.ኤ.አ. በ1989 በማግኔት ውስጥ ሊኖር እንደሚችል በስሌት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በማንጋኒዝና በሲሊከን ውህድ ውስጥ ተገኘ፤ በ2010 ደግሞ በስስ ሽፋን ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ።

1. ቅርጹ

በሽፋኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ማግኔታዊ አቶም እንደ ቀስት የሚታሰብ አቅጣጫ አለው። በስኪርሚዮኑ ዳር ያሉት ቀስቶች ወደ ላይ ያመለክታሉ፤ ወደ መካከሉ በተጠጉ ቁጥር እየዘነበሉ ሄደው በማእከሉ ወደ ታች ይደፋሉ። የቀስቶቹ ሁሉ ጭራ በአንድ ነጥብ ቢሰበሰብ፣ ጫፎቻቸው የአንድ ኳስ ገጽን በሙሉ አንድ ጊዜ ይሸፍናሉ። ቀስቶቹ ቀስ በቀስ ቢለወጡም ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ ቅርጹ ቶፖሎጂያዊ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ከተነጣጠሉ አቶሞች የተሠራ በመሆኑ ግን በሙቀት ሊጠፋ ይችላል፤ ጽኑ እንጂ ዘላለማዊ አይደለም።

2. ግሦቹ

«ተሽከረከረ» በግንዱ ውስጥ ካለው ድግግሞሽ ጋር የማያቋርጥ ዙረትን ያመለክታል። ቀስቶቹ በዚህ ግሥ ከተገለጹ ተማሪው ውኃ የሚያዞር አዙሪት ይታየዋል። «ዞረ» ደግሞ ሁለት ትርጉም አለው፦ ፊትን መመለስና አንድን ነገር መክበብ። «ዘንበል ብሏል» ግን የተጠናቀቀ ድርጊት የተወውን ሁኔታ ይገልጻል፤ የዝንባሌውንም መጠን ልከኛ ያደርገዋል። ለቀስቶቹ የሚስማማው ይህ ነው።

3. ጉዞው

ነፋስ በጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ አገዳው ዘንበል ብሎ ይቃናል እንጂ ከሥሩ አይነቀልም፤ ማሳውን የሚያቋርጠው ዝንባሌው ነው። ስኪርሚዮንም ሲጓዝ አቶሞቹ በቦታቸው ይቆያሉ። ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ምክንያቱም ስኪርሚዮን በኤሌክትሪክ ጅረት ሲገፋ ወደ ጎንም ያፈነግጣል። ማፈንገጡ እንደ ተመታች ኳስ ከመሽከርከር የመጣ አይደለም፤ ምንጩ ከላይ የተጠቀሰው ቁጥር ነው። ማእከሉ ወደ ላይ፣ ዳሩ ወደ ታች ቢሆን ማፈንገጡ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሆናል። ስኪርሚዮንን የመረጃ ማከማቻ ለማድረግ ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ከባድ እንቅፋት ነው፦ በጠባብ መስመር ላይ ወደ ጠርዙ ተገፍቶ ሊጠፋ ይችላልና።

4. መደምደሚያ

«ስፒን»ን «ሽክርክሪት» ብሎ መመለስ ለስሙ አገርኛ መልክ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን የማፈንገጡን ምክንያት ያጣምማል። ስለዚህ ስሙ በውሰት ቢቀር፣ ለቀስቶቹ «ዘነበለ»፣ ለስኪርሚዮኑ «ተጓዘ» እና «አፈነገጠ» ቢመደቡ ይመረጣል። የቃላት ዝርዝር የሚያዘጋጅ ኮሚቴም ከእያንዳንዱ ስም ጎን አብሮት የሚሄደውን ግሥ መመዝገብ ይኖርበታል።