ያውቁ ኖሯል? ቢላዋ፣ እሳትና ብርድ

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ሥጋ የገዛ ሰው ቀና ብሎ መሄድ አለበት፤ ጭላቶቹ ከእጅ ላይ ነጥቀው ይበራሉ። እኛ ግን ዛሬ ጉዳያችን ከባለሥጋው ቢላዋ ጋር ነው። የግመል ጅማት የሚቆርጥ ስለት በመሳል ብቻ አይገኝም።

የአገራችን ቀጥቃጮች ያረጀ የመኪና ባሌስትራ የሚወዱት ለምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ አግለው ሲነክሩት ይጠነክራል። የግንባታ ፌሮ ግን ካርቦኑ ትንሽ ነውና ቢያግሉትም ደህና ስለት አይወጣውም።

የጋለ ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት እንደማይስበው ያውቁ ኖሯል? መለኪያ የሌለው ባለሙያ ከዚያ ትንሽ አሳልፎ ይነክራል። ቀለሙን በዓይኑ የሚለይ ደግሞ ጥላ ይመርጣል፤ ፀሐይ ላይ የፍም ቅላት ስለሚደበዝዝ ብረቱ ሳይታወቅ ከልክ ያልፋል።

የሐረር ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከፍታው ነው። ብረቱ ሲነከር የሚከበው እንፋሎት ቅዝቃዜውን ያዘገያል፤ ጨው ጣል ቢደረግበት እንፋሎቱ ቶሎ ይበተናል። ለባሌስትራ ግን ዘይት ይሻላል፤ ውሃ ሊሰነጥቀው ይችላል።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለው ተረት የሥራውን ግማሽ ብቻ እንደሚናገር ያውቁ ኖሯል? ከዘይት የወጣ ቢላዋ ሞረድ ያንሸራትታል፤ ቢወድቅ ግን እንደ መስታወት ይሰበራል። ስለዚህ ጎኑን በአሸዋ ፈትገው ካነጡት በኋላ ለስለስ ባለ ሙቀት ቀለሙን ይጠብቃሉ፦ 200 ዲግሪ ላይ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ 300 ላይ ሰማያዊ። ለቢላዋ ቢጫው ይበቃል። ሰማያዊው ለስፕሪንግ ነው።

በውጭ አገር ቢላዋን 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን እንደሚያቀዘቅዙ ያውቁ ኖሯል? እኛ ዘንድ ይህ ፈሳሽ የሚታወቀው ለማዳቀያ የኮርማ ዘር በማቆየት ነው። ብርዱ የሚጠቅመው ክሮሚየምና ካርቦን የበዛባቸውን የማይዝጉ ብረቶች ነው፤ ሲነከሩ ሳይጠነክር የቀረውን ክፍል ያጠነክራል። ለባሌስትራ ብዙም አይፈይድም፤ አይቆጩ። ያለቀለትን ቢላዋ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደርማ ለከንቱ ነው።

የብረቱን ሙቀት በዓይናቸው የሚለኩ የአገራችን ቀጥቃጮች «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ሲባሉ ኖረዋል። ጅብ ከሰው እጅ በሚጎርስበት ሐረር ይህ ብዙ የሚያስፈራ ወሬ አይመስለኝም! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ በ1884 ስለ ሰይፍ ታሪክ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ እንዳሳተመ ያውቁ ኖሯል?

በመጨረሻም፦ ቢላዋዎ በኤሌክትሪክ መሳያ ድንጋይ ሲሳል ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካዩ፣ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ሄዷል። ሳዩን ውሃ እያስነካ እንዲስል ይንገሩት፤ የተቃጠለውንም ከነቀለሙ ሞርዶ ያውጣው።