የሚያኖር ምግብ እና እንቁላል የሚያስጥል ምግብ

በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች፣ ሂፖዳሚያ የምትባለው ነጠብጣብ ቀይ ጥንዚዛ ብርዱን ለማሳለፍ በደረቅ ቅጠልና በድንጋይ ሥር በሺዎች ሆና ትከማቻለች። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ሰዎች ይህን ክምር በከረጢት እያፈሱ ሸለቆው ውስጥ ባሉ እርሻዎች ሲለቁት ኖረዋል። የተክል ጭማቂ የሚመጠውን ክሽክሽ ትበላለች፣ ማሳው ላይም ትራባለች ብለው ነበር። ጥንዚዛዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሳውን ጥላ ትበራለች። ከተራራ የወረደችው ሰውነቷ በስብ ተሞልቶ፣ የእንቁላል ማፍሪያዋም ሳይጎለብት ነው። ስቡን በበረራ ካላቃጠለች፣ ከዚያም ክሽክሽ እስክትጠግብ ካልበላች እንቁላል አትጥልም።

ተባይን በተባይ ጠላት መቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው። የተለቀቀው አዳኝ ነፍሳት ዛሬ የሚበላው ሳይሆን በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚፈለፈሉት ልጆቹ ናቸው ማሳውን የሚያድኑት። ስለዚህ አዳኙ ምን ያህል እንደሚበላ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። የበላው ነገር ወደ እንቁላል ይለወጣል ወይ?

እንዲህ ያሉ ጥንዚዛዎችን ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው የቼክ ተመራማሪ ኢቮ ሆዴክ ምግባቸውን ለሁለት ከፍሎ አሳይቷል። አንዱ እጯን የሚያሳድግና እናቲቱን እንቁላል የሚያስጥል ዋና ምግብ ነው። ሌላው ሕይወቷን ብቻ የሚያቆይ ነው። ገለባ ብቻ የምትበላ ላም ክረምት ትደርስ ይሆናል፤ ወተት ግን ከእሷ አይጠበቅም። በጥንዚዛዋም ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። የእንቁላል አስኳል የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ከምግቧ በቂ አሚኖ አሲድ ስታገኝ ሆርሞኗ ይነሣሣል፣ ሰውነቷ የአስኳሉን ፕሮቲን አምርቶ ወደ እንቁላል ማፍሪያዋ ይልካል። ምግብ ሲጠፋ የጀመረችውን እንቁላል መልሳ በመምጠጥ ራሷን ታቆያለች። በእጭነቷ የተራበችም ሰውነቷ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ ብትጠግብም የምትጥለው እንቁላል ከሌሎቹ ያንሳል።

ሁሉም ክሽክሽም እኩል አይደለም። ከጓሮ ጎመን ቅጠል ጀርባ የሚሰፍረውን አመድማ ክሽክሽ ልብ ብለን እንየው። ከጎመኑ የሚመጠውን የሰናፍጭ ኬሚካል በሰውነቱ ያከማቻል፤ ኬሚካሉን የሚሰብረውን ኢንዛይም ደግሞ ራሱ ይሠራል። ሁለቱ ተለያይተው ይቀመጣሉ። አዳኝ ሲነክሰው ይቀላቀሉና፣ ሰናፍጭ ሲፈጭ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ዓይነት ንጥረ ነገር ይወጣል። ባለ ሁለት ነጥብ ጥንዚዛ እጮች ይህን ምግብ አይችሉትም። ባለ ሰባት ነጥቧ ግን ትቋቋመዋለች። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ክሽክሽ በል ናቸው፤ ለጎመን ገበሬ ግን የሚሰጡት ጥቅም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ይበልጥ የሚገርመው የክሪሶፐርላ ነገር ነው። አረንጓዴ በራሪ ናት፣ ክንፏ እንደ መረብ ስስ ነው። እንቁላሏን አንድ በአንድ በጸጉር በሚያህል ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ታንጠለጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ማጭድ መሰል መንጋጋውን ክሽክሹ ላይ ሰክቶ ውስጡን ይመጠዋል። እናቲቱ ግን አዳኝ አይደለችም! የአበባ ቀሰምና ዱቄት፣ እንዲሁም ክሽክሾች የሚያንጠባጥቡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ትልሳለች። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኬኔዝ ሄገን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጥናት ሰው ሠራሽ ምግብ የእነዚህን ነፍሳት እንቁላል እንዴት እንደሚለውጥ አሳየ። ስኳር ብቻ የምትልስ ሴት በሕይወት ትቆያለች፤ እንቁላሏ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስኳሩ ላይ ከእርሾ የተገኘ ፕሮቲን ሲጨመርበት በብዛት መጣል ትጀምራለች። ሄገንና ባልደረቦቹ ኋላ ይህንኑ ድብልቅ ማሳ ላይ ረጩት፤ ክሽክሹ ገና ሳይበዛ ክሪሶፐርላዎች መጥተው እንዲጥሉ ለማድረግ። እኔ ከዚህ ሁሉ ምርምር በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ከመርዝ ይልቅ ምግብ መርጨትን ያስባል።

ክሪሶፐርላዎችን ለሽያጭ የሚያረቡ ድርጅቶችም ለእናቶቹ የእርሾና የስኳር ድብልቅ፣ ለእጮቹ ደግሞ የእሳት እራት እንቁላል ይመግባሉ። የእሳት እራቷም በዱቄት ወይም በእህል መርባት አለባት። እጮቹ ደግሞ አብረው ከተቀመጡ እርስ በርስ ይበላላሉና መለየት ያስፈልጋቸዋል። ዋጋቸው የሚወደደው ለዚህ ነው።

በእኛ አገር በዝዋይ አካባቢ ባሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ተባይ ለመቆጣጠር የሚለቀቁት አዳኞች ነፍሳት አይደሉም፤ ስምንት እግር ያላቸው ደቃቅ ፍጥረቶች ናቸው። የምግቡ ሕግ ግን አልተለወጠባቸውም። ፊቶሴይለስ የሚባለው ቀይ ሸረሪትን ብቻ ስለሚበላ በፍጥነት ይራባል፤ ተባዩ ሲያልቅ ግን መራባቱንም ያቆማል፣ እርሻው እንደገና ገዝቶ መልቀቅ ይኖርበታል። ዘመዱ ኒዮሴይለስ ካሊፎርኒከስ ቀርፋፋ ነው፤ ሆኖም የአበባ ዱቄትም ስለሚበላ ተባዩ ሲሳሳ እዚያው ይቆያል። ብዙ አብቃዮች ተባዩ በበረታበት ቦታ የመጀመሪያውን፣ ገና ሳይታይ ደግሞ ሁለተኛውን የሚለቁት በዚህ ምክንያት ነው።