28 ቀን እዚያ፣ 28 ቀን እቤት

ታናሹ ልጄ ስልኩን አቀብሎኝ «እማዬ፣ መነጽርሽን አድርጊና ይህን አንብቢው» ሲለኝ ቡና እየቆላሁ ነበር። ደብዳቤው የመጣው አቡ ዳቢ ከሚገኝ ትልቅ የነዳጅና ጋዝ ኩባንያ ነው። ባሕር ላይ ባለ የጋዝ ማጣሪያ የፓምፕና የኮምፕረሰር ጥገና ባለሙያ አድርገው ሊቀጥሩት ይፈልጋሉ። ደሞዙ በብር ሲመነዘር አሁን ከሚያገኘው አሥር እጥፍ ግድም ነው። ቡናው አረረብኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ደብዳቤውን አንብቤ ሳልጨርስ በልቤ የቤቴን ጣሪያ መቀየር ጀምሬ ነበር። ቆርቆሮው አርጅቶ ክረምት በመጣ ቁጥር በሦስት ቦታ ያፈሳል። የ35 ዓመት የነርስ ጡረታዬ ደግሞ ለጣሪያ አይተርፍም። ጎረቤቱም ወሬውን ሲሰማ «እንኳን ደስ ያለሽ» እያለ መጣ። ዝም ያለችው ምራቴ ብቻ ነበረች። የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው።

በሦስተኛው ቀን ብቻዬን አግኝታኝ «እማማ፣ ደሞዙን ሁሉም ነገረኝ። እርስዎ ደግሞ በዓመት ስንት ቀን እቤት እንደሚሆን ይቁጠሩልኝ» አለችኝ። አፈርኩ። እስክሪብቶና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን።

ልጄ አሁን የሚሠራው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ቅዳሜ ማታ ገብቶ ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል። እሑዶቹን፣ የዓመት ፈቃዱንና በዓላቱን ስንደምር 80 ቀን ገደማ መጣ። አዲሱ ሥራ 28 ቀን ተሠርቶ 28 ቀን የሚታረፍበት ነው። የጉዞውን ቀን ቀንሰን እንኳ 170 ቀን ያህል እቤት ይሆናል። ሁለታችንም ደግመን ደመርነው። ባሕር ማዶ ሄዶ አሁን ከሚያገኙት እጥፍ ሊያገኙት ነው።

ግን ቀን ሁሉ እኩል አይደለም። ልጁ በሌሊት ቢያተኩሰው ከሲሚንቶ ፋብሪካው መኪና ለምኖ መምጣት ይችላል፤ ከባሕር መሐል አይችልም። ይህን የምለው ከራሴ ተነስቼ ነው። በ1978 ዓ.ም ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ ጋሞ ጎፋ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። የመጀመሪያ ልጄን ስምንት ወር ሲሆናት አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ትቻት ተመለስኩ፤ በዓመት ሁለቴ ነበር የማያት። አፏን ስትፈታ እናቴን «እማዬ»፣ እኔን በስሜ ጠራችኝ። ዛሬ አርባ ሊሞላት ምንም አልቀራትም፣ አሁንም በስሜ ነው የምትጠራኝ። ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ደብዳቤ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ይፈጅ ነበር፣ አሁን በስልክ ፊት ለፊት መተያየት አለ፤ እሱም ቢሆን ረሃብ ያስታግሳል እንጂ አያጠግብም።

ቀጥሎ ያስጨነቀኝ አደጋው ነው። ልጄ «ደህንነታቸው የተጠበቀ ነው» ብሎ ሊያልፈኝ ሲሞክር ስለ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጠየቅሁት። ከድፍድፍ ነዳጅና ከጋዝ ጋር አብሮ የሚወጣ መርዝ ነው። በትንሹ ሲሆን እንደገማ እንቁላል ይሸታል። ተንኮሉ ሲበዛ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 100 ያህል ሲደርስ አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ከ700 ሲያልፍ ሰው በአንድ ሁለት ትንፋሽ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይተኛል። እኛም አገር የመጸዳጃ ጉድጓድ ሊያጸዳ የገባ ሰው ወድቆ፣ ሊያወጣው የገባውም አብሮት የሚቀረው በእንዲህ ዓይነቱ ጋዝና በአየር እጥረት ነው። ለዚህ ነው በእነዚህ ማጣሪያዎች ሠራተኛው ደረቱ ላይ የጋዝ መለኪያ የሚያንጠለጥለው። የመተንፈሻ ጭምብሉም ፊት ላይ እንዲገጥም ፂም መላጨት ግድ ነው። ልጄ በፂሙ የሚኮራ ሰው ነው። ከአደጋው ይልቅ ይኼኛው ያስደነገጠው ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አነበበልኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከስኮትላንድ ወዲያ ሰሜን ባሕር ላይ ፓይፐር አልፋ የሚባል የነዳጅና ጋዝ ማውጫ ተቃጥሎ 167 ሰዎች ሞተዋል። መነሻው አንድ ፓምፕ ነው። የቀን ተረኞች የፓምፑን የደህንነት ቫልቭ ለጥገና ፈትተው፣ ቀዳዳውን ለጊዜው በክዳን ዘግተውት ወጡ። ቫልቩ አለመመለሱን የማታ ተረኞች አላወቁም ነበርና ሌላኛው ፓምፕ ሲቆምባቸው ያንን አስነሱት። ነርስ ሆኖ ይህን ሰምቶ የማይደነግጥ የለም። የታማሚ ካርድ ላይ መድኃኒት መሰጠቱ ሳይጻፍ ተረኛ ስትቀየር ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ልጄ የሚቀጠረው እንዲህ ያለውን ፓምፕ ሊጠግን ነው። ስለዚህ «ርክክባችሁ በጽሑፍ ነው? የጥገና ፈቃዱን ማን ይፈርማል? እስኪፈርም ድረስ ማሽኑ ይቆለፋል?» ብለህ ጠይቅ አልኩት። ጠየቀ። መልሳቸው ዝርዝር ያለው ነበር፤ በዚህ በኩል ልቤ ትንሽ አረፈ።

ውሉን ሦስታችን ሆነን ሁለት ማታ አነበብነው። ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘውላችሁ ከመጡ መጀመሪያ የቀጣሪውን ስም እዩ። ከላይ የትልቁ ኩባንያ ስም ተጽፎ፣ ከታች ፈራሚው ሰው አቅራቢ ድርጅት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያ ሌላ ሥራ ነው። የልጄ በቀጥታ ከኩባንያው ጋር ነበር። ከዚያ ትልቁ ጥያቄ ደሞዙ ለዕረፍቱ 28 ቀንም ይከፈላል ወይስ ለተሠራበት ብቻ የሚለው ነው። ለተሠራበት ብቻ ከሆነ አሥር እጥፍ ያልነው ወዲያው አምስት ይሆናል። ደብዳቤው ላይ ይህ አልተጻፈም ነበር። የአውሮፕላን ትኬቱ ከአዲስ አበባ ይሁን አይሁን፣ የጉዞው ቀን ከማን ዕረፍት እንደሚቀነስም አልተጻፈም።

መሠረታዊ ደሞዙና አበሉም ተለይቶ መታየት አለበት። በኤምሬትስ ሕግ ለውጭ አገር ሠራተኛ ጡረታ የለም። በምትኩ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው ሲለቅ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው በየዓመቱ የ30 ቀን ክፍያ ያገኛል። ይህም የሚሰላው በመሠረታዊ ደሞዙ ነው። አበሉ በዝቶ መሠረታዊው ካነሰ ስንብቱ ያንሳል። እዚህ ደግሞ ከእሱ 7 በመቶ፣ ከፋብሪካው 11 በመቶ እየተባለ የሚጠራቀመው የጡረታ መዋጮ በሄደበት ቀን ይቆማል። ጡረታዬ ትንሽ ነው ብዬ ባማርርም በየወሩ ባንክ ሄጄ የምቆመው እሱን ይዤ ነውና ይህን ችላ አልለውም።

የጤና ምርመራውን ነገር በቁጣ ነው የነገርኩት፣ ምክንያቱም ሥራውን ሊለቅ ማመልከቻ ጽፎ ነበር። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛ ምርመራ ላይ ኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ፣ እንደ አገሩና እንደ ሥራው ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ ሰውን ሊያስቀሩት ይችላሉ። ሄፓታይተስ ቢን ብዙ ሰው ምንም ሳያመው ይዞት ይኖራል። ለማሽን ሥራ የመስማት ምርመራም አለ፤ እሱ ስምንት ዓመት ወፍጮ ሥር የቆመ ሰው ነው። ምርመራው አልፎ ቪዛው እጅህ ሳይገባ ማመልከቻውን አታስገባ አልኩት። ማመልከቻው አሁን ከእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ስለ ጣሪያው አነሳሁ። «የእኔን ነገር ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አታስገባው» ስለው ሳቀና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ገና ደብዳቤው የመጣ ቀን የጻፈው የወጪ ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው መስመር «የእማዬ ጣሪያ» ይላል። ከሥሩ የእህቱ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ፣ የአጎቱ ብድር፣ የዕድር ቤት መዋጮ ሳይቀር አለ። የገዛ ልጁ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ላይ ነው። ምንም ሳልጠይቀው ጠይቄዋለሁ ማለት ነው። እስክሪብቶውን ተቀብዬ የመጀመሪያውን መስመር ሰረዝኩት። ምራቴ አይታኝ ዝም አለች፤ የአጎቱን ብድር የሰረዘችው ግን እሷ ናት።

ባለፈው ሳምንት ከኩባንያው መልስ መጣ። ደሞዙ ለዕረፍቱም ይከፈላል፣ ትኬቱም ከአዲስ አበባ ነው። የጉዞው ቀን ግን ከእሱ ዕረፍት ይቀነሳል። ባልና ሚስቱ ለሁለት ዓመት ብቻ ሊሞክሩት ተስማምተዋል። ልጁ ሲወለድ የነበረውን የገና በዓል አብረው ሳያሳልፉ ስለቀሩ፣ ምራቴ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዱን ገና እቤት እንዲሆን ተረኝነቱን ከወዲሁ ጠይቅ ብላዋለች።

የምርመራ ቀጠሮው ሐሙስ ነው። እኔም ቆርቆሮ ሠሪ ጠርቼ ሦስቱን ቀዳዳ ብቻ በስንት እንደሚደፍንልኝ ጠይቄዋለሁ።