ፊዚክሱም እንግሊዝኛ ነው

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ሰሞን ሰሜን ወሎ፣ ቆቦ ላይ «የእናንተ ልጅ ስንት አመጣ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ነው። 312 ከሆነ እልል ይባላል። 284 ከሆነ «ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይደርሰው ይሆን?» የሚል ጭንቀት ይከተላል። ከዚያም በጣም ካነሰ ሰው ወሬ ይቀይራል። ቁጥሩን ሁሉም ይሰማዋል፤ ከምን ከምን እንደተጠራቀመና ምን እንደሚለካ ግን ለወላጅ ቀርቶ ለተማሪውም በወጉ የሚነግረው ሰው አይገኝም።

አባቶች ማትሪክ፣ ልጆች ኢንትራንስ የሚሉትን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚያዘጋጀው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ናቹራል የመረጠ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ ይፈተናል። ሶሻል የመረጠ ደግሞ በሦስቱ ሳይንሶች ምትክ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይወስዳል። እያንዳንዱ ትምህርት ከ100 ይታሰባል፤ ድምሩ 600 ነው፤ ማለፊያው 300።

«ግማሽ ያላመጣ አያልፍም» የሚለው ደንብ የቅርብ ጊዜ ነው። ቀደም ሲል የመግቢያ ነጥቡ ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት ተማሪ ብዛት ልክ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይል ስለነበር ግማሽ ያልሞላውም ይገባ ነበር። ለውጡ የመጣው በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ነው። ፈተናው ከመስከረም 30 ቀን 2015 ጀምሮ ሲሰጥ ተማሪው ከየትምህርት ቤቱ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደረና እየበላ እንዲፈተን ተደረገ። ምክንያቱ ኩረጃና የፈተና ስርቆት ነበር። በ2008 ፈተናው ቀድሞ ወጥቶ በመጀመሪያው ቀን መሰረዙን ብዙዎች ያስታውሱታል።

ከዚያ የመጣው ውጤት አገር አስደነገጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ፣ 3.3 ከመቶ ሆነ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ደረሰ። እየተሻሻለ ነው ማለት ይቻላል፤ ሆኖም በተሻለው ዓመት እንኳ ከአሥራ ሁለት ተማሪ አንዱ ነው ያለፈው።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ቁጥሩን በደንብ የሚያሳየው ይህ ነው። ጥያቄው ሁሉ ምርጫ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። አራት ምርጫ ካለ አንድ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር ከመቶ ወደ 25 ገደማ ያገኛል። አሁን አንድ ተማሪ ከ60 ጥያቄ 20ውን በእርግጠኝነት ያውቃል እንበል። የቀረውን 40 በግምት ቢያጠቁር ከአራት አንዱ፣ ማለትም 10 ያህሉ ይገጥምለታል። ሃያና አሥር ሠላሳ፤ ግማሽ ሞላ። ስለዚህ ለማለፍ የትምህርቱን ግማሽ ማወቅ አያስፈልግም፤ ሲሶውን በትክክል ማወቅ በአማካይ ይበቃል። በ2016 የአገሪቱ አማካይ ውጤት 30 ከመቶ እንኳ አልሞላም። ዓይን ጨፍኖ ከማጥቆር የተሻለው በጥቂት ነጥብ ብቻ ነው ማለት ነው። ዕድል ለአንዱ ይቀናል ለሌላው አይቀናም፤ ነገር ግን መቶ ሺህዎች ሲደመሩ ዕድል ይጣፋል፤ የሚቀረው እውቀቱ ነው።

ታዲያ 12 ዓመት የተማረ ልጅ ሲሶውን እንዴት ያጣል? መምህር የለም፣ መጽሐፍ አልደረሰም፣ ቤተ ሙከራው ባዶ ነው፣ ጦርነት ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ሰው አቅልሎ የሚያልፈውን አንድ ምክንያት ማስቀደም እፈልጋለሁ። ከስድስቱ የፈተና ወረቀቶች አንዱ ብቻ «እንግሊዝኛ» የሚል ርዕስ ቢኖረውም ስድስቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ኢንትራንስ በሌላ ስም የቀረበ የቋንቋ ፈተና ነው።

አንድ ጥያቄ በቅርበት እንይ። ድንጋይ ከመሬት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ተወረወረ፤ የአየር ግጭት ቸል ይባል፤ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱና ሽምጠጣው እንደ ቅደም ተከተላቸው ስንት ናቸው? ቆቦ ባለችበት በራያ ሜዳ ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ፣ በወንጭፍ ወፍ ያባረረ ልጅ ይህን በአማርኛ ብትጠይቁት ድንጋዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ቆሞ እንደሚመለስ ይነግራችኋል። ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ወደ ታች የሚስበው ኃይል ግን አልቆመም፤ ስለዚህ ሽምጠጣው 10 ነው። ልጁ ፊዚክሱን ያውቀዋል ማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ ግን ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ መጨረሻው ላይ «ሪስፔክቲቭሊ» የምትል ቃል ተለጥፋለች። ምርጫ ኤ «10 እና 0»፣ ምርጫ ቢ «0 እና 10» ይላል። ቃሏን የማያውቃት ልጅ ሁለቱም ትክክል ይመስሉታል፤ ቀድሞ ያየውን ኤን ያጠቁራል። ማረሚያ ማሽኑ ፊዚክስ አልገባውም ብሎ ይመዘግበዋል። በባዮሎጂ ወረቀት ላይ ደግሞ «ኤክሴፕት» አለች። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ትክክል ናቸው፣ ያልሆነው የቱ ነው ማለቷ ነው። ቸኩሎ ያነበበ ልጅ የመጀመሪያውን እውነተኛ ዓረፍተ ነገር እንዳየ ያጠቁርና ያልፋል። ያጠናው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር፤ ነጥቡ ግን ሄደ።

ነገሩ የሚጀምረው ከታች ነው። በአማራ ክልል ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይማረዋል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ኬሚስትሪውም ወደ እንግሊዝኛ ዞሯል። መጽሐፉ ይዞራል እንጂ ክፍሉ ሁልጊዜ አይዞርም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ አፉ ግን በአማርኛ ያስረዳል፤ ባያስረዳ ግማሹ ክፍል ይጠፋዋል። በዚህም መምህሩን አልወቅስም። ውጤቱ ግን ተማሪው በጆሮው በአማርኛ የተማረውን በዓይኑ በእንግሊዝኛ መፈተኑ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያስጠናው፣ ካትሊን ሂዩና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። በአማርኛ መማር ጉዳት የለውም። ድልድዩ አለመሠራቱ ነው ችግሩ።

እንግሊዝኛ የሚል ርዕስ ያለው ወረቀት ራሱ ምን ይጠይቃል? ምንባብ ይሰጥና ከውስጡ ይጠይቃል፤ የቃላት ፍቺ፣ ሰዋስው፣ የተጓደለ የሁለት ሰው ንግግር ማሟላት፣ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይኖሩታል። መናገር የለም፣ ማዳመጥ የለም፣ አንድ አንቀጽ እንኳ መጻፍ የለም። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው የሰዋስው ደንብ ብቻ መሸምደድ ግማሽ ዝግጅት ነው። ምንባብ ፈጥኖ ማንበብ የለመደ ልጅ ትርፉ በአንዱ ወረቀት አይቆምም፤ አፕቲትዩዱም ግማሽ ያህሉ የቃላት ዝምድናና ከጽሑፍ ላይ ማመዛዘን ስለሆነ እዚያም ይጠቅመዋል።

ቆቦ ላይ ላለ ተማሪ የምመክረው ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መጽሐፍን እንደ እንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብቡት። በቀን ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ያልገባችሁን ቃል ደብተር ላይ አስፍሩ። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ስትሠሩ ደግሞ መልሱን ብቻ አትዩ። ጥያቄው የተጠየቀባቸውን ቃላት ለቅማችሁ ያዙ፤ «ቢያንስ»፣ «በይበልጥ ሊሆን የሚችለው»፣ «ከምንባቡ የምንረዳው»፣ «ቸል ቢባል» የሚሉት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚመጡ እወቁ። ከመቶ ብዙም አይበልጡም፤ በየዓመቱ የሚመለሱት እነዚያው ናቸው። ለቲቶሪያል ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ይህ ደብተር ብዙ ነጥብ ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

የራያ ቆቦን ልጅ ከአዲስ አበባው ጋር በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጠው ፈተና ያላየው ነገር ደግሞ አለ። የ2013 ፈተና በጥቅምት መጨረሻ 2014 ሲሰጥ ቆቦ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ የሰሜን ወሎ ተማሪ በወቅቱ መፈተን አልቻለም፤ በጦርነቱ አካባቢ ለነበሩት ሁለተኛ ዙር የተሰጠው ከወራት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ 2014 መጨረሻ፣ ጦርነቱ እንደገና ቆቦ ገባ፤ ቀጣዩ ፈተና ሊሰጥ የቀረው ጊዜ ሁለት ወር አይሞላም ነበር። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የ300 መስመር ግን ለሁሉም አንድ ነው። ኩረጃን መዝጋቱ ትክክል ነበር፤ ትምህርት ቤቱን ሳይከፍቱ መስመሩን ብቻ ከፍ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

300 ላልሞላ ሁሉ በር አልተዘጋም። በ2015 የተጀመረው ሬሜዲያል ግማሽ ሳያመጡ ከተቀመጠው ነጥብ በላይ ያመጡ ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ለአራት ወር ያህል ያስተምራል። ሲጀመር አሠራሩ 30 ከመቶ በዩኒቨርሲቲው ምዘና፣ 70 ከመቶ ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ነበር፤ ከሁለቱ ድምር ግማሽ ያመጣ አንደኛ ዓመት ይገባል። የሬሜዲያል ነጥቡ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የአምናውን ቁጥር ይዞ ተስፋ መቁረጥም ሆነ መመካት አያስፈልግም፤ ማስታወቂያውን መጠበቅ ነው። የወደቀ ደግሞ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ እንደገና ሊቀመጥ ይችላል።

ሌላው አዲስ ነገር የኦንላይን ፈተና ነው። በ2016 በጥቂት ተማሪዎች ተጀምሮ በ2017 ሰፍቷል። እርሳስ ይዞ ማጥቆር ቀርቶ ስክሪን ላይ መጫን ነው። ትምህርቱ ያው ቢሆንም ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እጁን በማላመድ ያጠፋዋል። ኦንላይን የሚፈተን ተማሪ ካለ አስቀድሞ የትም ቦታ ባለ ኮምፒውተር ላይ፣ በየትኛውም ዓይነት የምርጫ ጥያቄ ቢሆን፣ ወደ ኋላ መመለስና መልስ መቀየር ይለማመድ።

በወረቀት ለሚፈተነው ደግሞ የመልስ ወረቀቱ ላይ የቡክሌት ኮድ ማጥቆር ከመልሱ እኩል ነው። ጥያቄው ለሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ስለማይታተም ኮዱ ከተሳሳተ ማሽኑ ወረቀቱን በሌላ ኮድ መልስ ነው የሚያርመው። ስልክ፣ ስማርት ሰዓትና ጌጣጌጥ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ አድሚሽን ካርድ ግን ከእጅ አይለይም።

ውጭ አገር ስለ መማር የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። የኢንትራንስ እንግሊዝኛ 90 ቢሆን እንኳ የውጭ ዩኒቨርሲቲ እንደ ቋንቋ ማረጋገጫ አይቀበለውም ብላችሁ ተነሱ። የሚጠየቁት አይልትስ ወይም ቶፍል ናቸው፤ እነሱ ማንበብን ብቻ ሳይሆን ማዳመጥን፣ መጻፍንና መናገርንም ይለካሉ። አይልትስ እስከ 9 ይሰጣል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች 6 ወይም 6.5 ይጠይቃሉ። የጽሑፉ ክፍል በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዱን 150፣ ሌላውን 250 ቃላት አድርጎ መጻፍ ነው፤ ምርጫ እያጠቆረ ለመጣ ልጅ ከባዱ ይህ ነው። የመናገሩ ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት የሚደረግ ጭውውት ነው። ከቆቦ ለሚነሳ ሰው ፈተናው በብሪቲሽ ካውንስል በኩል አዲስ አበባ ይገኛል፤ ክፍያው ከባድ ነው፤ ውጤቱም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱበትን ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ፤ በእንግሊዝኛ መማራችሁን የሚገልጽ ከትምህርት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ የሚበቃቸው አሉ፤ ቤት ሆኖ በኮምፒውተር የሚወሰደውንና ዋጋው ዝቅ ያለውን የዱዎሊንጎ ፈተና የሚቀበሉም አሉ። እንደ ቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ያሉት ደግሞ ተማሪውን መጀመሪያ የአገራቸውን ቋንቋ ያስተምሩታል፤ ለእነዚያ ሲባል አይልትስ ለመውሰድ መቸኮል አያስፈልግም።